ነጩ አውሮፕላን የት ያርፋል? ስለ ኤሪያ 51፣ ስለ መንግሥት ምስጢርና ስለ ሕዝብ ቁጥጥር

ጥያቄ፦ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። ሥራ የምጀምረው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው ምዕራባዊ ጫፍ ስም ያልተጻፈባቸው፣ ቀይ መስመር ብቻ ያለባቸው ነጫጭ አውሮፕላኖች ሲነሡ አያለሁ። ወደ ኤሪያ 51 ሠራተኛ የሚያመላልሱ ናቸው ይባላል። ቡና ላይ ስንገናኝ ጓደኞቼ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን መንግሥት ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር እንደ ደበቀ፣ በአላስካ ባለው ሃርፕ በሚባል መሣሪያም ዝናብና ድርቅ እንደሚያዝ ይናገራል። ሌላው ወገን ሁሉም ተረት ነው ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቦታው የለም ሲሉ ኖረው በኋላ አለ ካሉ፣ ሌላውን ሲነግሩን ስለምን እንመናቸው? ደግሞስ እንዲህ ያለውን ምርምር የሚቆጣጠር ሰው አለ?

ምላሽ፦ ዓይንዎ አልዋሸዎትም። እነዚያ ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች በሬዲዮ መጠሪያቸው «ጃኔት» ይባላሉ። ዋናው መዳረሻቸውም ከከተማዎ ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ግሩም ሌክ በሚባል የደረቀ የጨው ሐይቅ ዳር የሚገኘው፣ ኤሪያ 51 የሚባለው ጣቢያ ነው። እኔ ምስጢርነታቸው የተነሣ የአሜሪካ መንግሥት ሰነዶችን በማንበብ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከሁለቱ ወገኖች የአንዱን ደግፌ ብመልስልዎ ቀላል በሆነ ነበር፤ ሰነዶቹ ግን ለሁለቱም አያደሉም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር ላስተካክል። በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን በግሩም ሌክ አነስተኛ ጣቢያ እየተሠራ መሆኑን ራሱ ለጋዜጦች አስታውቆ ነበር። አየር ኃይሉም በ1990ዎቹ «በግሩም ሌክ አጠገብ የሥራ ቦታ አለን» እስከ ማለት ደርሷል። ስለዚህ ተደብቆ የኖረው ከቦታው ይልቅ በቦታው የሚሠራው ሥራ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ምን ሊደበቅ እንደሚችልና ምን እንደማይቻል የሚያሳየን እርሱ ነው። መንገድ የሚገባበትን፣ ውኃና ነዳጅ የሚወስደውን፣ ሠራተኛ በየማለዳው የሚሳፈርበትን ቦታ ለዘለዓለም መደበቅ አይቻልም፤ እርስዎ ራስዎ ከታክሲዎ ውስጥ ሆነው እያዩት ነው። በዚያ ቦታ ስለሚሠራው ነገር ግን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ማንም እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላል፤ ተደርጓልም።

በዚያው በ1955 የሲአይኤው ሪቻርድ ቢስልና የሎክሂድ ኩባንያው መሐንዲስ ኬሊ ጆንሰን በትንሽ አውሮፕላን የኔቫዳን በረሃ ከላይ እያዩ ቦታ መረጡ። የፈለጉት ዩ-2 የተባለውን የስለላ አውሮፕላን ከሰው ዓይን ርቀው የሚሞክሩበት ሜዳ ነበር። ዩ-2 ከ18,000 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። በዚያ ዘመን የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከ3,000 እስከ 6,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይበርሩ ነበር፤ የጦር አውሮፕላኖችም ቢሆኑ በአብዛኛው ከ12,000 ሜትር አያልፉም። እንግዲህ ማታ ላይ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ከላስ ቬጋስ ወደ ምዕራብ ሲበርር ያስቡት። ለእርሱ ፀሐይዋ ጠልቃለች፤ ዙሪያው ጨልሟል። ከራሱ በላይ በሦስት እጥፍ ከፍታ ላይ ላለው ብርማ ክንፍ ግን ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ክንፉ እንደ ፍም ያበራል። አብራሪው ያየውን ለአየር ኃይል ሪፖርት ያደርጋል። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ያላየውን ነገር አይቷል።

እንዲህ ያሉትን ሪፖርቶች የሚመረምረው «ብሉ ቡክ» የተባለው የአየር ኃይል ፕሮጀክት ነበር፤ ከ1947 እስከ 1969 ድረስ የቀረቡ 12,618 ሪፖርቶችን መዝግቦ 701ዱን ምንነታቸው ያልታወቀ ብሎ ዘግቷል። መርማሪዎቹ የበረራውን ሰዓት ዋሽንግተን ካለው የዩ-2 ቢሮ ጋር እያመሳከሩ ብዙዎቹ ጉዳዮች ምን እንደሆኑ ያውቁ ነበር። ላየው ሰው ግን ይህን መንገር አይችሉም። ስለዚህ ያየኸው ተፈጥሯዊ ነገር ነው እያሉ ይመልሱት ነበር። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። በቅን ልብ ያየውን የተናገረ ሰው፣ ዓይንህ አታሎሃል ተብሎ ሲሸኝ ሁለት ነገር ይማራል፤ መንግሥት እንደሚዋሽና የሚዋሸውም ስለ ትልቅ ነገር እንደሆነ። የመጀመሪያው ልክ ነበር። በሁለተኛው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው የሚመስለውን ይሞላበታል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው የሲአይኤ የታሪክ ክፍል በ1992 ባዘጋጀው የውስጥ ጥናት ነው። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የብሔራዊ ደኅንነት ሰነዶች ማኅደር ተመራማሪ ጄፍሪ ሪችልሰን በ2005 በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ጠየቁ፤ ሰነዱ «ኤሪያ 51» የሚለው ስምና ካርታው ሳይሰረዝበት የወጣው በ2013 ነው። ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ሲአይኤ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ከታዩት ምንነታቸው ያልታወቀ በራሪ ነገሮች ከግማሽ የሚበልጡት የራሱ የስለላ በረራዎች ነበሩ ይላል። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል፤ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ እንዲሉ፣ ቁጥሩን የሰጠን ያው የደበቀው አካል ነው፤ የተጋነነ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጠረ ግን ከሰነዱ ግልጽ ነው።

የዩ-2 ነገር የተጋለጠበት መንገድ ለጥያቄዎ በቀጥታ መልስ ይሰጣል። በ1960 አውሮፕላኑ በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ፣ አሜሪካ የአየር ጠባይ ጥናት ላይ የነበረ አውሮፕላን መንገድ ስቶ ነው አለች። የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤቱ ናሳ የራሱ አርማ የተቀባበት ዩ-2 አውጥቶ ለጋዜጠኞች አሳየ። የሶቪየት መሪ ክሩሽቾቭ አብራሪው በሕይወት መያዙን በማግሥቱ ሲናገር የተዘጋጀው ታሪክ ሁሉ ፈራረሰ። በሰላም ጊዜ ስለ አየር ጠባይ የሚሠራ ሲቪል መሥሪያ ቤት ለውሸት ሽፋን ሆኖ ከታየ፣ ከዚያ ወዲያ ያ መሥሪያ ቤት እውነት ሲናገር ማን ያምነዋል? ስለዚህ «ስለምን እንመናቸው» የሚለው ጥያቄዎ የጥርጣሬ በሽታ አይደለም። ጥርጣሬው በቂ ምክንያት አለው።

ሆኖም መጠርጠርና መገመት አንድ አይደሉም። በ1980ዎቹ ስለ ስውር ተዋጊ አውሮፕላን የሆነውን ይመልከቱ። ራዳር የማያየው አውሮፕላን እንዳለ በአሜሪካ ብዙ ሰው ጠርጥሮ ነበር። በ1986 አንድ የመጫወቻ አውሮፕላን አምራች ኩባንያ «ኤፍ-19» የሚል ስም ሰጥቶ ሞዴሉን ለገበያ አቀረበ፤ በጣም ተሸጠ፤ በምክር ቤት ውይይት ላይ ሳይቀር ተነሣ። ክብ ክብ፣ ለስላሳ፣ እንደ ዓሣ ያለ ቅርጽ ነበረው። በ1988 ፔንታገን የእውነተኛውን አውሮፕላን አንድ ብዥ ያለ ፎቶግራፍ አወጣ፤ ስሙ ኤፍ-117 ነው፤ ቅርጹ ደግሞ እንደ ተቀጠቀጠ ቆርቆሮ በጠፍጣፋ ገጾችና በሹል ማዕዘኖች የተሞላ ነበር። ከ1981 ጀምሮ ይበርር ነበር። ሰዉ ነገሩ መኖሩን በትክክል ጠርጥሮ ምን እንደሚመስል ሙሉ በሙሉ ስቷል። ጓደኞችዎ «ባለፈው ትክክል ነበርን» ሲሉ እነዚህን ሁለቱን ለይተው ይጠይቋቸው፦ ትክክል የነበራችሁት መደበቁን ነው ወይስ የተደበቀውን ነገር ምንነት?

አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጋዜጣ በ2025 እንደ ዘገበው ደግሞ፣ በ1980ዎቹ አንድ የአየር ኃይል ኮሎኔል ይህንኑ አውሮፕላን ለመሸፈን ሲል የሐሰት የበራሪ ሳህን ፎቶግራፎችን በኤሪያ 51 አቅራቢያ ላለ መጠጥ ቤት ባለቤት ሰጥቷል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። የራሱን ዜጋ ወደ ተረት የሚመራ ሠራዊት፣ ዜጋው ትክክለኛውን ጥያቄ እንዳይጠይቅ እያደረገው ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ምን ነበር? ጓደኞችዎ ከሌላ ዓለም ስለ መጡ ፍጡራን ሲከራከሩ ማንም የማያነሣውን ነገር ልንገርዎ። በ1994 የግሩም ሌክ የቀድሞ ሠራተኞችና የሟቾች ባልቴቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር። ክሳቸው እንዲህ የሚል ነው፦ በጣቢያው ምስጢራዊ ቁሶች፣ ቀለሞችና ኬሚካሎች በትልልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ይጣላሉ፤ የአውሮፕላን ነዳጅ ይፈስባቸዋል፤ ይቃጠላሉ፤ ጭሱን ሠራተኛው ይተነፍሳል። የቆዳ ሕመም፣ የመተንፈስ ችግርና ከዚያም የከፋ ነገር ደረሰብን አሉ። የጠየቁት ከሁሉ በፊት ገንዘብ አልነበረም፤ ሐኪማቸው እንዲያክማቸው ምን እንደ ተነፈሱ እንዲነገራቸው ነበር። አብዛኞቹ በስማቸው እንኳ መክሰስ አልቻሉም፤ ስለ ሥራቸው መናገር በራሱ ወንጀል ነበርና።

መንግሥት የመለሰው በጉድጓዱ ውስጥ የተቃጠለውን መናገር የብሔራዊ ደኅንነት ምስጢር ማውጣት ነው በማለት ነው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ጣቢያውን እንዲመረምር ሆነ፤ ዳኛውም ፕሬዚዳንቱ ነፃ ካላደረጉት በስተቀር ውጤቱ ይፋ መሆን አለበት አሉ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1995 ጣቢያውን ነፃ የሚያደርግ ውሳኔ ፈረሙ። ክሱ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሄዶ ወደቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 ሊያየው አልፈቀደም። እነዚያ ሰዎች እርስዎ በየማለዳው የሚያዩአቸውን መሰል አውሮፕላኖች ተሳፍረው ሥራ የሄዱ የቆርቆሮ ሠራተኞችና ጥገና ባለሙያዎች ነበሩ። የኤሪያ 51 ትልቅ ምስጢር ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ የምመልሰው የተቃጠለው ቆሻሻ ነው።

መንግሥት ይህን «የመንግሥት ምስጢር» የሚባል መብት ያገኘበት ፍርድም ታሪኩ መታወቅ አለበት። በ1948 አንድ ቢ-29 የጦር አውሮፕላን ምስጢራዊ የኤሌክትሮኒክስ ሙከራ ላይ ሳለ በጆርጂያ ግዛት ተከስክሶ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። የሦስት ሲቪል ባለሙያዎች ባልቴቶች የአደጋው ምርመራ ሪፖርት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። አየር ኃይሉ ሪፖርቱ ውስጥ ወታደራዊ ምስጢር አለ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1953 ሪፖርቱን አንድም ዳኛ ሳያነበው ለመንግሥት ፈረደ፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ክሶች በዚህ ፍርድ ተዘግተዋል። ሪፖርቱ ምስጢርነቱ ተነሥቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከሟቾቹ የአንዱ ልጅ እጅ ገባ። ስለ ምስጢራዊው መሣሪያ ምንም አልነበረበትም። የነበረበት ሞተሩ እሳት እንዳይነሣበት ሊገጠምለት ታዝዞ የነበረ የሙቀት መከላከያ አለመገጠሙ ነው። ቸልተኝነት ነበር። ማኅተሙ የሸፈነው ጥፋትን ነው።

አሁን ወደ ሃርፕ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ጓደኞችዎን በግልጽ እቃወማለሁ። ሃርፕ በአላስካ ጋኮና በሚባል ቦታ የተተከሉ 180 አንቴናዎች ያሉት የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ገንዘቡን የሰጡት አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ መሆናቸው ለወሬው መነሻ ሆነ፤ ሥራው ግን ምስጢራዊ አልነበረም፤ ከ2015 ጀምሮም የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሕዝብ የሚጎበኝበት ቀንም ያዘጋጃል። ሙሉ ኃይሉ 3.6 ሜጋ ዋት ነው። በ1964 የተመረቀው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበርና፣ ሃርፕ የዚያን ሲሶ እንኳ አይሞላም። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ብቻ የምታፈሰው ኃይል 1,000 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ደመናና ዝናብ የሚፈጠሩት ከምድር እስከ 15 ኪሎ ሜትር ባለው የአየር ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የሃርፕ ሞገድ ይህን ክፍል ሳይነካው ያልፍና ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ስስ ንብርብር ያሞቃል። የሚጠናውም ያ ንብርብር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ምን ያህል ቢዋሽም የፀሐይን ኃይል መዋሸት አይችልም። መንግሥትን ሳያምኑ ሊያሰሉት የሚችሉት ነገር ይህ ነው።

ወሬው ከየት መጣ ካሉ ግን መልሱ ያሳፍራል፤ ከእውነት ነው የመጣው። ከ1967 እስከ 1972 ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል «ፖፓይ» በተባለ ዘመቻ በላኦስና በቬትናም ሰማይ ላይ ደመና ውስጥ ዝናብ የሚያዘንብ ኬሚካል ሲረጭ ነበር፤ የክረምቱን ዝናብ አራዝሞ የሆ ቺ ሚን የስንቅ መንገድን በጭቃ ለመዝጋት። 2,602 በረራዎች ተደርገዋል። ጋዜጠኛው ጃክ አንደርሰን በ1971 ፍንጩን አወጣ፤ ሲሞር ኸርሽ በ1972 አሰፋው። በዚያው ዓመት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜልቪን ሌርድ ለሴኔት ኮሚቴ እንዲህ ያለ ነገር አላደረግንም ብለው መሰከሩ፤ በ1974 ምስክርነታቸው ስሕተት እንደ ነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ጉዳዩን ተከታትለው አስመረመሩ፤ ከዚያም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1976 የአየር ጠባይን ለጦርነት መጠቀም የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ።

የአየር ጠባይን መሣሪያ ለማድረግ ሞክረው ክደዋል፤ ስለዚህ ሰው አሁንም ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ያኔ የሠሩት የነበረ ደመናን ማንጠባጠብ ነው፤ ደመናውን አልፈጠሩትም። እኛ ደግሞ ድርቅን በታሪክ ብቻ ሳይሆን በቤተ ዘመድ የምናውቅ ሰዎች ነን። በ2015 የኤል ኒኞ ድርቅ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለዕለት ደራሽ እርዳታ ሲዳርግ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ከወራት በፊት ይለካ ነበር። የማስጠንቀቂያው መረጃ ለማን መቼ ደረሰ፣ እህሉስ ለምን ዘገየ የሚሉት ጥያቄዎች የሚጠየቅ ሰውና ቢሮ አላቸው። ድርቁን ለአላስካ አንቴና ስንሰጠው ግን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ወደ ቁጥጥሩ ልሻገር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ወጪን የሚመረምረው የሴኔት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሃሪ ትሩማን ነበሩ። ኮሚቴያቸው በ1943 እጅግ ብዙ ገንዘብ ወደማይታወቅ ፕሮጀክት እየፈሰሰ መሆኑን ደረሰበት። የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን ይህን አይመርምሩት ብለው ጠየቁ፤ ትሩማንም ተዉት። ፕሮጀክቱ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ያህል የፈጀው የአቶሚክ ቦምብ ነው። ትሩማን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው እንኳ አልተነገራቸውም፤ ሙሉ ማብራሪያ የተሰጣቸው ሩዝቬልት ሞተው እርሳቸው ፕሬዚዳንት ከሆኑ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በኤፕሪል 1945 ነው። ከዚያ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ቦምቡ በሄሮሺማ ላይ ወደቀ። ሕዝብ የመረጠው ተቆጣጣሪ ምርመራውን ያቆመው ስላመነ ነው፤ ያመነውም ሰው ስለጠየቀው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ቁጥጥር የሚባል ነገር ለስም ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ1975 የሴናተር ፍራንክ ቸርች ኮሚቴ የስለላ መሥሪያ ቤቶችን ሲመረምር ብዙ ጉድ ወጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ጩኸቱ ቋሚ የስለላ ኮሚቴዎችን አስገኝቷል። ሲአይኤ በሰዎች ላይ እነርሱ ሳያውቁ አእምሮን የሚያናውጡ መድኃኒቶችን የሞከረበት «ኤምኬ አልትራ» የተባለ ፕሮግራም ነበረው፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሪቻርድ ኸልምስ በ1973 ፋይሎቹ እንዲጠፉ አዝዘው ጠፍተዋል። በ1977 ግን ሰባት ሣጥኖች ተገኙ፤ አጥፊዎቹ ያላሰቡት የሒሳብ ወረቀት ነበረባቸው። ፕሮግራሙን በዝርዝር የምናውቀው በክፍያ ደረሰኞቹ ነው። ምስጢር ጠባቂ ሁሉንም ሊያቃጥል ይችላል፤ ገንዘብ ሲወጣ ግን አንድ ቦታ ላይ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ይጽፈዋል።

ዛሬ ሕጉ እንዲህ ይሠራል። በጣም ምስጢራዊ የሆኑ ወታደራዊ ምርምሮች ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች ይባላሉ፤ መከላከያው ስለ እነርሱ ለምክር ቤቱ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። ከእነርሱ መካከል ሚኒስትሩ ከጽሑፍ ሪፖርት ነፃ ያደረጋቸው ጥቂቶች አሉ፤ ስለ እነዚህ የሚነገረው የአራቱ የመከላከያና የበጀት ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎችና የተቃዋሚ ወገን መሪዎች ለሆኑ ስምንት ሰዎች ነው፤ ብዙውን ጊዜም በቃል። እነዚያ ሰዎች የሰሙትን አብዛኛውን ጊዜ ለራሳቸው አማካሪ እንኳ ማውራት አይችሉም። ስለዚህ «የሚቆጣጠር አለ?» ለሚለው መልሴ አለ ነው፤ ነገር ግን ማስታወሻ የማይዝ፣ ባለሙያ የማያማክር፣ ሥራው የበዛበት ሰው ነው። ይህ በቂ ነው ብዬ አላምንም።

እርስዎ መንገደኛ የሚያነሡበት አውሮፕላን ማረፊያ ከ2021 ጀምሮ በስማቸው የሚጠራው ሴናተር ሃሪ ሪድ ራሳቸው የዚህ ማሳያ ናቸው። ከሁለት የሴኔት ባልደረቦቻቸው ጋር ተስማምተው ምንነታቸው ያልታወቀ በራሪ ነገሮችን ለሚያጠና ፕሮግራም 22 ሚሊዮን ዶላር አስመደቡ፤ ሥራው ለላስ ቬጋሱ ባለ ሀብት ሮበርት ቢግሎ ኩባንያ ተሰጠ፤ ሕዝብ ያወቀው በ2017 በጋዜጣ ነው። ቁጥጥሩን እንዲያደርጉ የመረጥናቸው ሰዎች የምስጢሩ ባለቤት ሲሆኑ ማን ይቀራል? በ2023 አንድ የቀድሞ የስለላ መኮንን ለምክር ቤት ኮሚቴ በመሐላ ቀርቦ በሰው እጅ ያልተሠሩ መንኮራኩሮች ተይዘዋል አለ፤ በዓይኑ አላያቸውም፤ የነገሩትን ነው የተናገረው። የፔንታገን መርማሪ ቢሮ በ2024 ምንም ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ሪፖርት አወጣ። እኔ የሪፖርቱን ድምዳሜ እቀበላለሁ፤ የምቀበለው ግን ፔንታገን ስላለው አይደለም። በሰባ ዓመት ውስጥ ከምስጢር ፋይሎች ያፈተለከው ነገር ሁሉ አውሮፕላን፣ ቦምብ፣ የሰው በደልና ደረሰኝ ሆኖ ሳለ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ብሎን እንኳ አለመገኘቱ ይበልጥ ያሳምነኛል።

አንድ ነገር ከእኛ ታሪክ ልጨምር። በ1953 አሜሪካና ኢትዮጵያ በተፈራረሙት ውል፣ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችው አስመራ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ የቃኘው ጣቢያ ተባለ፤ ስሙ ከኮሪያ ዘማቾቻችን የተወሰደ ነው። ለሕዝብ የግንኙነት ማስተላለፊያ ጣቢያ ነው ይባል ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንዱ 26 ሌላው 45 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ግዙፍ ሳህኖች ተተከሉ፤ ሥራቸው የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች ወደ ምድር የሚልኩትን መልእክት መጥለፍ ነበር። ማንም የአስመራ ሰው ሳህኖቹን ከሩቅ ያያቸዋል፤ ምን እንደሚሰሙ አያውቅም። እዚያም ቢሆን ከሳህኖቹ የበለጠው ምስጢር ወረቀት ላይ ነበር፦ በ1960 አሜሪካ 40,000 ወታደር ያለው የኢትዮጵያ ሠራዊት ለማስታጠቅና ለማሠልጠን፣ የአገሪቱን የግዛት አንድነት የሚነካ እንቅስቃሴንም እንደምትቃወም በምስጢር ቃል ገብታ ነበር። ይህ የወጣው በ1970 የሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን ንዑስ ኮሚቴ ባለሥልጣናቱን ጠርቶ ሲጠይቅ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የአሜሪካ መራጭም የኢትዮጵያ ሕዝብም አያውቅም። የእኛ ሰው ሊሞትበት የሚችልበትን ቃል ኪዳን ያገኘነው አንድ የሚዙሪ ሴናተር ስለ ጠየቁ ነው።

ስለዚህ ቡናው ላይ ስትቀመጡ የምመክርዎ ይህ ነው። የመረጃ ነፃነት ሕጉ ዜጋ ሁን አይልም፤ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ እርስዎም ጭምር። «ስለ ፍጡራን ያላችሁን ስጡኝ» ብሎ ከመጻፍ፣ ቀን፣ ቦታና የሰነድ ዓይነት ጠቅሶ መጠየቅ ይሻላል፤ የውሉን ቁጥር፣ የምርመራ ሪፖርቱን፣ ክፍያውን። ምናልባት «መኖሩንም አለመኖሩንም አናረጋግጥም» የሚል መልስ ይደርስዎታል፤ ይህ አነጋገር የመጣው ሲአይኤ በ1974 የሰመጠ የሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ ሊያወጣ ከላካት ግሎማር ከተባለችው መርከብ ነው። ይግባኝ ይበሉ።

ከዚያ በፊት ግን ያለ ምንም ጥያቄ ሊያነቡት የሚችሉት ሰነድ አለ። ክሊንተን በ1995 የፈረሙትን ውሳኔ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንቶችም በየዓመቱ ሲያድሱት ኖረዋል፤ በመንግሥት ጋዜጣም ይታተማል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በኔቫዳ በግሩም ሌክ አጠገብ የሚገኘው የአየር ኃይል የሥራ ቦታ፣ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ምስጢራዊ መረጃ ይፋ እንዲያደርግ ከሚያስገድድ ሕግ ሁሉ ነፃ ይሁን ይላል። አትመው ይዘው ይሂዱና ለሁለቱም ወገኖች ያንብቡላቸው፤ ነገ ጠዋት በነጩ አውሮፕላን የሚሳፈረው ሠራተኛ የሚተነፍሰው አየር የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።